በገብሱ ሥር የነበረው ሥጋ

አንድ ሰው ነበረ። ምግብ ሲቀርብለት የራሱን ሳህን የማያይ፣ የጎረቤቱን ሳህን የሚያይ ሰው።

አትሳቁ። ወይም ሳቁ፤ ግን ሳቃችሁን ስትጨርሱ ትናንት ምሳ ላይ ዓይናችሁ የት እንደነበረ አስታውሱ።

ይህ ሰው ባሪያ ነበረ። ዘመኑ የሮም ዘመን ነው፣ ከጌታችን ልደት በፊት። ሮማውያን በጦርነት ከማረኳቸው ወንዶች ጠንካራ ጠንካራውን እየመረጡ በግንብ በታጠረ ግቢ ውስጥ ሰይፍ ያስተምሩ ነበር። ለምን? አገር እንዲጠብቁ እንዳይመስላችሁ። በበዓል ቀን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሜዳ፣ እርስ በርሳቸው እንዲገዳደሉ ነው። ሕዝቡ ለውዙን እየቆረጠመ ያያል። እነዚህን ሰዎች ግላዲያተር ይሏቸው ነበር።

ሰውየው የሚዋጋው በትልቅ ጋሻና በአጭር ሰይፍ ስለነበረ ባለ ጋሻው ይሉታል። ስሙን ግን በግቢው ውስጥ ማንም አያውቅም። እዚያ ስም መጠየቅ ነውር ነበር። የጻፈው የለም፣ ያወጀው የለም፤ ልማድ ነው። አዲስ የገባ ሰው ሳያውቅ «ስምህ ማን ይባላል?» ካለ ሁሉም ፊቱን ያዞርበታል። ስሙን የምታውቀውን ሰው መውጋት ይከብዳላ! ስለዚህ ሰው ሁሉ በመሣሪያው ወይም በመልኩ ይጠራል። ባለ ጋሻው። ባለ መረቡ። ጠባሳው።

እስቲ አስቡት። አብረው ይበላሉ። አብረው ይተኛሉ። አንዱ ሲያተኩሰው ሌላው ውሃ ያቀብለዋል። ስም ግን የለም።

ምግባቸው የገብስ ገንፎ ነበር። እንደኛ ገንፎ መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ያለው እንዳይመስላችሁ። ውሃ የበዛበት፣ አንዲት አሮጊት ባሪያ በጭልፋ የምትጨልፈው፣ ባቄላ ጣል ጣል ያለበት ቀጭን ነገር ነው። የከተማው ሰው «ገብስ በሎች» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። ሥጋ የሚያዩት ወደ ሜዳው ሊወጡ ሲሉ፣ በዋዜማው ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ቤት የሥጋ ሽታ አያስጎመጅም። ያስደነግጣል።

የግቢው አሠልጣኝ ጅራፉን እያጮኸ አንድ ነገር ያስተምራቸው ነበር። «ዓይን ይዋሻል» ይላል። «እጅም ይዋሻል። ትከሻን እዩ! ሰው ሊወጋችሁ ሲል ቀድሞ የሚናገረው ትከሻው ነው።»

ባለ ጋሻው ይህን ትምህርት ከሁሉም በላይ ያዘው። ከመያዙም ብዛት ማዕድ ላይ ሳይቀር ትከሻ ያነብ ጀመር። አጠገቡ ያለ ሰው ውሃ ለማንሣት ሲዘረጋ እሱ ወደ ኋላ ይላል። የቀኑን ሰላምታ ሳይቀር ይመዝናል፤ ይህ ሰው ዛሬ ለምን ፈገግ አለልኝ? መጠርጠር ሥራው ነበር። እስከዚያ ቀን በሕይወት የቆየውም ስለጠረጠረ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንል የለም? እንላለን። እውነትም ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ጠርጥሮ ሊመነጠር ስለነበረ ሰው ነው።

የግቢው ባለቤት ሩፎስ ይባላል። አይጮህም፣ አይማታም። ቀትር ላይ ባሮቹ ምሳ ሲቀመጡ ከሰገነቱ ብቅ ይልና የደረቀ በለስ እየበላ ቁልቁል ያያቸዋል። ይኸው ነው ሥራው። ያያል።

የወይን ለቀማ በዓል እየቀረበ መጣ። አንድ ጠዋት ባለ ጋሻው ውሃ ገንዳው ዘንድ ፊቱን ሲታጠብ ጠባሳው አጠገቡ መጥቶ ቆመ። ጠባሳው ከጆሮው እስከ አገጩ የሚወርድ የሰይፍ ጠባሳ ያለው፣ በዕድሜ ሁሉንም የሚበልጥ ሰው ነው። አክብረው አያ ጠባሳ ይሉታል።

«ሰምተሃል?» አለው ጠባሳው፣ ፊቱን ወደ ውሃው አድርጎ። «በዘንድሮው በዓል ምሕረት የለም። የወደቀ አይነሣም።»

«ሩፎስ ሁልጊዜ እንዲያ ይላል፣ አያ።»

«ዘንድሮ ለከተማው ሹማምንት ቃል ገብቷል። ከሁለት አንዳችን አንመለስም። ያንተ ተጋጣሚ ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

ያውቃል። ባለ መረቡ ነው።

ባለ መረቡ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። የሚዋጋው በመረብና ባለ ሦስት ጥርስ በሆነ ጦር ነው። ከባለ ጋሻው ጋር ዘወትር አብረው ይለማመዳሉ። ባለ ጋሻው ከጋሻው ሥር ጎንበስ ሲል «ኤሊ!» ይለዋል። «አንገትህን አውጣ እንጂ፣ ኤሊ! ሰው ነህ ድንጋይ?» ባለ ጋሻው ሳይፈልግ ይስቅ ነበር።

«እንወጣለን» አለ ጠባሳው። «ከበዓሉ በፊት፣ በቀትር፣ ምሳ ላይ ሳለን። ሰይፎቹ የተቆለፈባቸው እንደሆነ ታውቃለህ። ወጥ ቤቱ ግን ቢላዋ አለው፣ የመጥበሻ ብረት አለው። እኛ ዘበኞቹን ስንይዝ ሁለት ሰው የኋላውን በር መቀርቀሪያ ያነሣል። አንተና ባለ መረቡ።»

«ለምን እኛ?»

«ትንፋሻችሁ አንድ ስለሆነ።»

ስለዚህ መቀርቀሪያ ልንገራችሁ። ከወፍራም ግንድ የተጠረበ ነው። በሁለት የብረት መንጠቆ ላይ ተጋድሞ በሩን ይዘጋል። ሁለት ሰው በሁለቱ ጫፍ ቆሞ እኩል ካላነሣው አይነቃነቅም። አንዱ መሐል ላይ ከለቀቀ ግንዱ ተንሸራቶ የሚያርፈው በሌላው እግር ላይ ነው። ከዘበኞቹ አንዱ እንዲያ ሆኖበት ያነክስ ነበር።

ያንን ግንድ ከማይታመን ሰው ጋር ታነሣላችሁ? እኔ አላነሣም። እናንተም አታነሡም።

ከዚያ በኋላ ነው ሥጋው የመጣው።

ቀትር ነው። ባለ ጋሻው እንደ ልማዱ የራሱን ሳህን ትቶ የጎረቤቱን ያያል። ጎረቤቱ ባለ መረቡ ነው። ባለ መረቡ እጁን ወደ ገንፎው ሰደደና ቆመ። ጣቱ አንድ ነገር ነካ። ከገብሱ ሥር ስቡ የሚያብለጨልጭ ቁራጭ ብቅ አለ።

ሥጋ።

ባለ መረቡ ቀና ብሎ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ገብሱን በሥጋው ላይ መለሰበት።

«ምን አገኘህ?» አለው ባለ ጋሻው፣ እንደ ቀልድ አድርጎ።

«ገብስ» አለ ባለ መረቡ። «ሌላ ምን ይገኛል?»

ለምን ዋሸ?

ወገኖቼ፣ ጥርጣሬ እንዲህ ነው የሚገባው። ባዶ እጁን አይመጣም፤ አንዲት ትንሽ እውነት እንደ መጎብኛ ይዞ ይመጣል። ሥጋው እውነት ነው። ሰውየው መዋሸቱም እውነት ነው። ባለ ጋሻው በዓይኑ አይቷል፣ በጆሮው ሰምቷል። የቀረውን ግን ማን ነገረው? ማንም። የቀረውን ራሱ ሞላው።

ያን ዕለት ከሰዓት ባለ መረቡ ከአንካሳው ዘበኛ ጋር ሲሳሳቅ አየው። ዱሮም ይሳሳቅ ነበር። አሁን ግን ሳቁ ሌላ ነው። በማግስቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ አንድ ዘበኛ ተጨመረ። ለበዓሉ እንግዳ ስለሚበዛ ይሆናል። ይሆናል! ባለ መረቡ «ደክሞኛል» አለ። ምን ሠርቶ ደከመው? «ዛሬስ ደኅና ነኝ» አለ። ምን አግኝቶ ደኅና ሆነ? ዝም ሲል የሚደብቀው ነገር አለ። ሲያወራ ሊያዘናጋ ነው። መረቡን ተቀምጦ ሲጠግን እንኳ ባለ ጋሻው ቆሞ ያየዋል፤ ለማን ነው ይህን ያህል የሚያጠብቀው?

ደግሞ ሌላ ቀን ሥጋ ወጣ። አሁንም ከባለ መረቡ ሳህን። አሁንም ገብሱን መለሰበት።

ባለ ጋሻው መታገሥ አልቻለም። ወደ ገንዳው ሄደ።

«አያ ጠባሳ።»

«ምነው?»

«ከመሐላችን ሥጋ የሚበላ ሰው አለ።»

ጠባሳው እጁን ከውሃው አወጣ። ትከሻው ነጠር ሲል ባለ ጋሻው አየ። «ማን?» አለ፣ ቶሎ ብሎ።

«ባለ መረቡ።»

ጠባሳው ትንፋሹን ለቀቀ። «በዚህ ቤት ሥጋ በነፃ አይገኝም፣ ልጄ» አለ። «ወሬ የሸጠ ነው የሚበላው።»

ይህችን ነገር ያዙልኝ። ጠባሳው ሲደነግጥ ባለ ጋሻው አይቶታል። በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ድንጋጤ ምንድን ነው ብሎ ሲመረምር ይውል ነበር። አሁን ግን የሚጠረጥረው ሰው አግኝቷል። ተጠርጣሪ ያገኘ ሰው ሌላ አይፈልግም።

ወሬው ከገንዳ ወደ መኝታ፣ ከመኝታ ወደ ልምምድ ሜዳ ዞረ። ማንም ጮክ ብሎ አላወራውም። ባለ መረቡ ሲመጣ ግን ወሬ ይቋረጣል። ሲቀልድ የሚስቅለት ጠፋ። እሱም ቀስ በቀስ ቀልዱን ተወ። ይኸው፣ ጥፋተኛ ስለሆነ ነው ዝም ያለው አሉ።

«ሳይጨርሰን እንጨርሰው» አለ በመጨረሻ ጠባሳው። ጥቂት ሆነው በግንቡ ጥላ ሥር ቆመዋል። «ጠዋት ልምምድ ላይ። የእንጨትም ሰይፍ ቢሆን ጉሮሮ ላይ ካረፈ ሰው ይገድላል። አደጋ ነው ይባላል።»

«ማን ያደርገዋል?»

«እኔ» አለ ባለ ጋሻው።

አንዱ ጠየቀ፤ «መቀርቀሪያውንስ? ከባለ ጋሻው ጋር ማን ያነሣዋል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ማን ያነሣዋል? እያንዳንዱ የሌላውን ፊት አየ። ማንም እኔ አላለም። ማንም እገሌ አላለም። አንድ ሰው ከሸጠን ሁለተኛውስ? ተበተኑ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በዚያ ግቢ የራሱን ሳህን የሚያይ አልነበረም። ከሰገነቱ ላይ ሩፎስ በለሱን እየበላ ነበር።

ጠዋት ሆነ። ባለ መረቡ መረቡን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ አሸዋው ላይ ቆመ።

«ኤሊ» አለው። «ዛሬ አንገትህን በጣም ደብቀሃል። ምን ሆነሃል?»

ባለ ጋሻው ትከሻውን አነበበ። የባለ መረቡ ትከሻ ዝም ብሏል። ፍርሃት የለበትም፣ ተንኮል የለበትም፣ ሊወረውር የተዘጋጀም አይመስልም።

«እንዲህ ዝም የሚል ትከሻ» አለ ባለ ጋሻው በልቡ፣ «የሠለጠነ ውሸታም ትከሻ ነው።»

አያችሁልኝ? ትከሻው ቢንቀሳቀስ ሊመታኝ ነው። ባይንቀሳቀስ ደብቆ ሊመታኝ ነው። እንዲህ ባለ ዳኛ ፊት ቆሞ ማን ነፃ ይወጣል? እናንተስ በዚህ ዳኛ ፊት ስንት ሰው አቁማችኋል?

ባለ መረቡ ጠጋ አለ። መረቡን ዝቅ አደረገ። አሠልጣኙ እንዳይሰማ ድምፁን ቀንሶ፣ «ስማኝማ፣ የምነግርህ ነገር አለ» አለ።

በዚያች ቅጽበት ባለ ጋሻው መታው።

ወደ ጉሮሮው ነበር የሰነዘረው። ባለ መረቡ ግን ለመናገር ዞር ብሎ ስለነበር የእንጨቱ ሰይፍ ትከሻው ላይ አረፈ። አጥንት ሲጮህ ተሰማ። በጉልበቱ ወደቀ። አሠልጣኙ ጅራፉን አጮኸና «በቃ! ለበዓሉ ያስፈልገኛል!» ብሎ ለያያቸው።

ባለ መረቡ አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ቀና አለ። ቁጣ አልነበረበትም። «ምን አደረግሁህ?» ነው ያለው። ሌላ አላለም።

የዚያን ቀን ቀትር ባለ መረቡ እንደ ወትሮው መጥቶ በዚያው በቦታው ተቀመጠ፤ ከባለ ጋሻው አጠገብ። ቀኝ እጁ ተንጠልጥሏል። በግራው ነው የሚበላው። ባለ ጋሻው ወደዚያ ማየት አፈረ። ወደ ጎረቤቱ ሳህን ማየት ስላፈረ፣ ስንት ዘመን ከቆየ በኋላ፣ የራሱን ሳህን አየ።

ጣቱን ወደ ገንፎው ሰደደ። አንድ ነገር ነካ።

ሥጋ።

ማን ጨመረው? ለምን? ማንን ምን ነግሮ ያውቃል? ምንም። ለማንም። በሕይወቱ ለሩፎስ አንዲት ቃል ሹክ ብሎ አያውቅም። ግን ይህን ማን ያምነዋል? ግራ ቀኙን አየ። እጁ፣ እሱ ሳያዘው፣ ገብሱን በሥጋው ላይ መለሰበት።

ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው ጠባሳው አይቶታል።

«ምን አገኘህ?» አለው።

«ገብስ» አለ ባለ ጋሻው። «ሌላ ምን ይገኛል?»

ከአፉ ሲወጣ ሰማው። ቃሉን ያውቀዋል። የራሱ ቃል አይደለም፤ የባለ መረቡ ቃል ነው። እጁም የባለ መረቡ እጅ ነው። በባለ መረቡ ላይ የፈረደው በዚህ እጅ አልነበረም? ሊገድለው የነበረው በዚህ ቃል አልነበረም?

ባለ ጋሻው ሥጋውን ከገብሱ ሥር አወጣና ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ ጠረጴዛው መሐል ላይ አስቀመጠው።

«ዋሸሁ» አለ። «ሥጋ ነው።»

ጠባሳው ብድግ አለ። «አንተ ነህ ለካ! ሰው እየጠቆምክ...»

«እኔ አይደለሁም፣ አያ። እሱም አልነበረም።»

ባለ መረቡ ሳህኑን ገፋ አደረገ። «ጠዋት ልነግርህ የነበረው ይህንን ነው» አለ። «ማን እንደሚያስቀምጠው አላውቅም። ፈራሁ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዋሸኸኝ?»

«አንተስ አሁን ለምን ዋሸህ?»

ገንፎውን የምትጨልፈው አሮጊት ባሪያ ጭልፋዋን ይዛ ከኋላቸው ቆማለች። ባለ ጋሻው ሳይዞር ጠየቃት። «እናቴ፣ ማን ነው የሚያዝሽ?»

አሮጊቷ ወደ ቀጣዩ ሳህን ሄደች። ጨለፈች። ከዚያ አንገቷን እንዳቀረቀረች፣ «ጌታው ሩፎስ ናቸው፤ ወሬ የነገራቸው የለም» አለች። «ምንም አያውቁም። 'ዛሬ ለዚህኛው፣ ነገ ለዚያኛው' ይሉኛል። ለምን ብላቸው ሳቁብኝ። 'እርስ በርሱ የሚናከስ ውሻ አጥር አይዘልም' አሉኝ።»

ጠባሳው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የፊቱ ጠባሳ ቀልቷል። «እኔም» አለ። «በአዲስ ጨረቃ ሰሞን። ደብቄ በላሁት።»

«እኔም» አለ ከዳር አንድ ድምፅ።

«እኔም።»

ለካ ሁሉም በልቶታል። ሁሉም ገብስ መልሶበታል። ሁሉም የራሱን እየደበቀ የሌላውን ሲጠብቅ ኖሯል። ከሁሉም በላይ ሲፈርድ የነበረው ከሁሉም በላይ የፈራው ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ማንም አላዘዘም። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ያለው ዓይን ሁሉ ከሳህን ላይ ተነሣና ወደ ሰገነቱ ወጣ።

ሩፎስ በለሱ አፉ ውስጥ እንዳለ ማኘኩን አቆመ። በዚያ ሰገነት ላይ ለዓመታት ቆሞ ሰዎች እርስ በርስ ሲተያዩ አይቷል። ሰዎቹ እሱን ሲያዩት ግን አይቶ አያውቅም።

«ዘበኛ!» ብሎ ጮኸ።

ነገ እንወጣለን የሚባል ነገር አበቃ። ጠባሳው ጠረጴዛውን ገልብጦ ወደ ወጥ ቤቱ ሮጠ። ቢላዋ ያገኘ ቢላዋ፣ የመጥበሻ ብረት ያገኘ ብረት ያዘ። ባለ ጋሻውና ባለ መረቡ ወደ ኋላው በር ሮጡ። ግንዱ እንደተጋደመ ነው።

ባለ መረቡ ከወዲያኛው ጫፍ ደረሰ። ቀኝ ትከሻው አልታዘዝ አለው። ጎንበስ ብሎ ግንዱን በግራው ተሸከመ።

«ስምህን ንገረኝ» አለው ባለ ጋሻው።

«አሁን? ሰው እየሞተ?»

«አሁን።»

ባለ መረቡ ሕመሙን ይዞ ሳቀ። «አንተ ኤሊ፣ ዛሬ አንገትህን አወጣህ! ዲዛስ እባላለሁ። አንሣ!»

አነሡ። ግንዱ ከመንጠቆው ትንሽ ከፍ አለ። ከዚያ የዲዛስ ጫፍ ወደ ታች ዝቅ አለ። ባለ ጋሻው አየ። የተሰበረው ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየ። ትከሻ ሲያነብ የኖረው ልቡ «ይለቀዋል!» አለው። «በምን ዕዳው ይሸከምልሃል? ጠዋት የመታኸው አንተ አይደለህም? እግርህን አውጣ!»

ባለ ጋሻው በዚያች ሰዓት መጠርጠሩን የተወ እንዳይመስላችሁ። አልተወም። እየጠረጠረ ነበር። እግሩን ግን አላወጣም።

«ዲዛስ!» ብሎ ተጣራ።

«አለሁ!» አለ ድምፁ ከግንዱ ወዲያኛው ጫፍ።

ግንዱ ተነሣ። በሩ ተከፈተ።

ከበሩ ውጭ ጠባብ መንገድ ነው፤ ከመንገዱ ወዲያ ወይን፣ ከወይኑ ወዲያ ኮረብታ። ሮጡ። ሁሉም አልደረሰም። ሮም ትልቅ ናት፤ የሮም ወታደርም ብዙ ነው። ሮምን አፈረሷት ብዬ አልዋሻችሁም። በዚያ በዓል ግን በዚያ ከተማ ሜዳ ላይ ወንድሙን የገደለ ወንድም አልነበረም። ሕዝቡ ለውዙን ይዞ ባዶ አሸዋ አይቶ ተመለሰ።

ጠባሳው ከበሩ አልወጣም። ሌሎቹ እንዲያልፉ ብረቱን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ባለ ጋሻው ከወይኑ መሐል ዞር ብሎ ሊጠራው አፉን ከፈተ። ምን ብሎ ይጥራው? አያ ጠባሳ? ያ ስሙ አይደለም፤ ያ የቆሰለበት ቦታ ነው። ስንት ዘመን ከአንድ ገንዳ ታጥበዋል። ስሙን ጠይቆት አያውቅም።

አፉን ከፍቶ ቀረ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

በየቤታችን ጭልፋ አለ። መብራት ሲጠፋ የአንዲት ጎረቤት ቤት ብቻ ቦግ ብሎ ይታያል። ይህች ሴት ከማን ጋር ናት? ትላላችሁ። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ አንዱን ብቻ ጠርቶ በሩን ዘግቶ አነጋገረው። ምን ሸጠ? ትላላችሁ። ከመዘምራኑ አንዷ ብቻ ተመረጠች። ከወንድማማቾቹ አንዱን አባት በሞታቸው ዋዜማ ብቻውን አስጠሩት። በዕድሩ ስብሰባ ላይ እገሌ እንደ ወትሮው አልተናገረም። ሥጋውን አያችሁ። እውነት ነው፣ አይታችኋል። ግን ማን እንደጨለፈው አይታችኋል?

ጠላታችን ዲያብሎስ ሁልጊዜ ሰላይ አያስፈልገውም። ስለ እኛ ሁሉን ማወቅም የለበትም። አንዲት ቁራጭ በአንድ ሳህን ውስጥ ጣል አድርጎ ወደ ሰገነቱ ይወጣል። የቀረውን እኛ እንሠራለታለን።

አትጠርጥሩ አላልኳችሁም። ይህ ዓለም ሞኝ አይወድም። ጠርጥሩ፤ ግን ጭልፋውን የያዘውን እጅ ጠርጥሩ። ጠርጥሩ፤ ግን መጀመሪያ ገብስ የመለሰውን የገዛ እጃችሁን ጠርጥሩ። ጌታ በማዕድ ተቀምጦ ከእናንተ አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል ባለ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ጣታቸውን ወደ ጎረቤታቸው አልቀሰሩም። እያንዳንዱ የጠየቀው ስለ ራሱ ነበር። እኛ ብንሆን በዚያ ማዕድ ላይ ስለ ማን እንጠይቅ ነበር?

ሁላችሁም የምታነሡት ግንድ አላችሁ። ብቻችሁን አይነሣም። ከወዲያኛው ጫፍ የቆመው ሰው ትከሻው የተሰበረ ነው፤ ምናልባት የሰበራችሁት እናንተ ናችሁ። ዝቅ ሲል ታያላችሁ። ልባችሁ እግርህን አውጣ ይላል። እምነት ያንን ድምፅ አለመስማት አይደለም። እየሰማችሁት አለመንቀሳቀስ ነው።

ይህን ስጨርስ ተነሥተን እንጸልያለን፣ ከዚያም ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ። በዚህ አግዳሚ ላይ ከጎናችሁ የሚቀመጥ ሰው አለ። ሳሉን ታውቁታላችሁ፤ ነጠላዋን በሩቁ ትለያላችሁ። ያ ባለ ባርኔጣው፣ ያቺ ጥግ የምትቀመጠው ሴትዮ ትላላችሁ። ስለ እሱ የሰማችሁት ነገር አለ፤ ስለ እሷ የጠረጠራችሁት ነገር አለ።

በሩ ሳይከፈት፣ አሁን፣ ዞር በሉና ስሙን ጠይቁት።